ሰኞና ሐሙስ፣ በባዶ ሆድ

ኅዳር 3

ዛሬም ጭጋግ።

የግልገሎቹ ጆሮ ላይ ቁጥር ስናስር ዋልን። አንዱ ረገጠኝና ጭቃው መሀል ቁጭ አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ሱሪዬ ማሞቂያው ላይ ተሰቅሎ እየተነነ ነው... ክፍሉ በሙሉ በግ በግ ይሸታል።

እዚህ የርባታ ጣቢያ ከመጣሁ ሦስት ሳምንት ሞላኝ። ክፍሌ ከመኖው መጋዘን ጀርባ ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አልዘጋም ያለ መስኮት። እማዬ ደውላ «ቢሮ ሰጡሽ?» አለች። «ሰጡኝ» አልኳት። ጉረኖው ቢሮ ከተባለ... ሰጥተውኛል። ሰፊ ነው ደግሞ።

ሠራተኞቹ «ምሩቋ» ነው የሚሉኝ። ስም ያለኝ አይመስላቸውም። «የኔ ልጅ» የሚሉኝ ሽማግሌው የበግ ጠባቂ ብቻ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ ሁሉም ጋሽ ፉጨት ይሏቸዋል። መንጋውን የሚነዱት በዱላ አይደለም፣ በፉጨት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እዚሁ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ማለት ነው!

ኅዳር 5

የጣቢያው አለቃ ጠራኝ። ካፖርቱን እንደደረበ ነበር።

«ግልገሎቹ ዘጠና ቀን ሲሞላቸው አሥራ አምስት ኪሎ» አለኝ። «ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ይኸው ነው።»

«ካልደረሱስ?»

«ካልደረሱማ መንጋው ለሥጋ ይሸጣል፣ ጣቢያው ይዘጋል፣ እኔም አንቺም እናታችን ቤት እንገባለን። የኔ ደግሞ ሞታለች።»

ልሳቅ? አልሳቅኩም።

እስካሁን ግልገሎቹ የሚመዘኑት በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነበር። ያውም ጠግበው። ሆዱ ወተት የሞላ ግልገል ሚዛኑን በግማሽ ኪሎ ያታልላል፣ ይኼን ያልተማረ የለም። ስለዚህ ሐሳብ አቀረብኩ። በሳምንት ሁለቴ፣ ሰኞና ሐሙስ። ዋዜማውን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከእናቶቻቸው ለይተን እናሳድራቸዋለን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ እንመዝናለን። ትክክለኛ ቁጥር። ማን ወደኋላ እንደቀረ ወዲያው እናውቃለን።

አለቃው ከወንበሩ ተነሣ። «እንዲህ ነው ወጣት!» አለ።

የሙከራ ጊዜዬ ጥር አጋማሽ ላይ ያልቃል። ግልገሎቹም ዘጠና ቀን የሚሞላቸው ያኔ ነው። አብረን እንፈተናለን ማለት ነው።

ኅዳር 6

ለጋሽ ፉጨት ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን አዩት፣ የጠፋባቸው ነገር ያለ ይመስል።

«ሁለቴ? በሳምንት?»

«አዎ ጋሼ።»

«እናቶቹስ?»

«እናቶቹማ ምን ይሆናሉ? የአንድ ሌሊት ነገር ነው።»

«እሺ» አሉ። ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ።

ሽማግሌ አዲስ ነገር አይወድም... ይለምዱታል።

ኅዳር 8

የመጀመሪያው ምዘና። ሌሊቱን ሁሉ ጩኸት ነበር፣ ግልገሎቹ ወዲህ፣ እናቶቹ ወዲያ። ጆሮዬ ላይ ትራስ ጭኜ አደርኩ።

ከአንድ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት መዘንን። እጄ ደነዘዘ። ተቀላቅለው ሁለቴ እንዳይመዘኑ ብዬ ሁሉም እስኪያልቁ አንድም አልለቀቅኩም። እናቶቹም ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ጠበቁ። ንጹሕ ሥራ! አማካዩ አምስት ኪሎ ተኩል።

ከመቶ ሠላሳ ሰባቱ የመዘንኩት መቶ አሥራ አምስቱን ነው። መንታ ከወለዱት መሀል አሥራ አንድ እናቶችን ጋሽ ፉጨት ከነልጆቻቸው ከወንዙ ማዶ ወዳለው አሮጌ ጉረኖ ወስደዋቸዋል።

«እከክ ጀምሯቸዋል። ከሌላው አይቀላቀሉ» አሉኝ።

እከክ ይዛመታል። ልክ ናቸው። መዝገቡ ላይ «እከክ፣ አልተመዘኑም» ብዬ አሰፈርኩ።

ኅዳር 15

ግድግዳዬ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፍኩ። ወንዶቹ በሰማያዊ፣ ሴቶቹ በቀይ፣ መንታዎቹ በነጠብጣብ። መስመሮቹ ሽቅብ ሲወጡ... እንዴት ደስ ይላል! አለቃው መጥቶ አየው፣ በስልኩ ፎቶ አነሣው። «ለዋናው መሥሪያ ቤት ልልከው ነው» አለ።

ኅዳር 22

ባለፈው ሳምንት አንድ ግልገል በቀን መቶ አርባ ግራም ይጨምር ነበር። ዛሬ ዘጠና አምስት።

አንድ ሞተ። መንታ ነው፣ እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች። ጠዋት ሳነሣው እንጨት ሆኖ ነበር።

ብርዱ ይሆን? ንጋት ላይ የገንዳው ውሃ ላይ ስስ በረዶ ነበር። ድርቆሹ? የአምና ነው፣ ግን አልሻገተም። የእናት ዕድሜ? ክብደቷ? እንገር በደንብ አልጠቡ ይሆን ሲወለዱ? በትምህርት ቤት ይኼ ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ተደርድሮ ነበር የሚመጣው። እዚህ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚነክሰው።

ኅዳር 27

ቅዳሜ። በድብቅ ሰዓት ያዝኩ። ጋሽ ፉጨት በሩን የከፈቱት ሦስት ሰዓት ላይ ነው! ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሰዓት አልፎ።

«ጋሼ፣ ለምንድነው ቶሎ የማይለቋቸው?»

«ሣሩ ገና ነጭ ነው። ነጭ ሣር የበላች እናት ሆዷ ይነፋል፣ ወተቷም ይቀንሳል።»

«ማነው እንደዚያ ያለው?»

«ሆዷ።»

ዞር ብዬ ሳቅኩ። ግን በቀን ሁለት ሰዓት... በወር ስድሳ ሰዓት ግጦሽ። ማስታወሻዬ ላይ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ታኅሣሥ 2

ዛሬ ሁለት። እስካሁን አምስት ሞቱ።

ከምዘና በኋላ ስንለቃቸው አንዷ እናት ልጇን አሸተተችና በግንባሯ ገጨችው። ደግሞ መጣ፣ ደግማ ገጨችው። ጋሽ ፉጨት በጉልበታቸው አጣብቀው ያዟትና ግልገሉ እንዲጠባ አደረጉ። ወተቷ ግን... ግልገሉ ይጎትታል፣ ይተዋል፣ ይጎትታል።

«ምን ሆና ነው?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ» አሉ። አላዩኝም።

ታኅሣሥ 4

የእንስሳት ሐኪሟ ከከተማ መጣች። በሁለት ሦስት ሳምንት አንዴ ነው የምትመጣው፣ ሦስት ጣቢያ ነው ያለባት። ሰው ሁሉ ይፈራታል፤ እኔ ግን ወደድኳት። መርፌ እየሞላች ግድግዳዬን አየችና፦

«አንቺ ልጅ፣ እነዚህን በጎች የምታሳድጊያቸው ነው ወይስ የምትፈትኚያቸው?»

«ሁለቱንም ዶክተር።»

«ሁለቱንም...» አለች፣ ሳቋን ለቀቀችው።

የጥገኛ ትል መድኃኒት ሰጠቻቸው። ብርድ ነው፣ ሣሩ ደክሟል አለች። እከካሞቹን እንድታይልኝ ብፈልግ ጋሽ ፉጨት ይዘዋቸው ርቀው ወጥተዋል። ሾፌሯ ቸኮለ፣ ሄደች።

ታኅሣሥ 8

ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። የአለቃው ድምፅ እስከ መጋዘኑ ይሰማ ነበር። «አዎ ጌታዬ፣ አዎ ጌታዬ...» ስልኩን ዘጋና ጠራኝ።

«ምክንያቱን ጻፊ። እስከ ነገ። ብርድ ብለሽ እንዳትመጪ፣ ብርድን ማባረር አልችልም።»

ጻፍኩ። አራት ገጽ። ስለ ድርቆሹ፣ ስለ እናቶቹ ዕድሜ፣ ስለ መንታነት። ከዚያ በአያያዝ ክፍል፦ «መንጋው ዘግይቶ በመለቀቁ በቀን ሁለት ሰዓት የግጦሽ ጊዜ ይባክናል።»

ስም አልጻፍኩም። በር የሚከፍተው ሰው ግን አንድ ነው። ይኼን ሳላውቅ ነው የጻፍኩት? አውቄ ነው። እውነት ግን እውነት ነው አይደል? በሰዓት ይዤዋለሁ።

ታኅሣሥ 12

ጋሽ ፉጨትን አሰናበቷቸው።

በአንድ ደብዳቤ። «ዕድሜያቸውን በማገናዘብ» ይላል፣ ከታች ደግሞ «በግዴለሽነት»። ሃያ ስድስት ዓመት። አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ሁሉም ዕቃቸው ገባ፦ ካፖርት፣ ሬዲዮ፣ አንድ ድስት።

መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ነበር። ልደበቅ አስቤ ነበር። ቁልፉን እጄ ላይ አደረጉት። እጃቸው ሞቃት ነበር።

«የኔ ልጅ፣ እከካሞቹን ብቻ አደራ። ዘበኛው ይለቅልኛል፣ አሳይቼዋለሁ። አትቀላቅያቸው።»

«እሺ ጋሼ።»

ሪፖርቱን አይተውት ይሆን? አይተውታል። ፊታቸው ላይ አልነበረም... ግን አይተውታል።

ታኅሣሥ 14

አሁን በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ላይ።

ከሰዓት በኋላ አለቃው ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። የምዘና አሠራሬ ተወዶ፣ በመመሪያ መልክ ታትሞ ለሌሎች ሦስት ጣቢያዎች ተልኳል! «በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በባዶ ሆድ»... ቃል በቃል የኔ ጽሑፍ። ከሥሩ የአለቃው ፊርማ፣ «አዘጋጅ» የሚለው ላይ የኔ ስም።

እማዬ ጋ ደወልኩ። እልል አለች፣ ጎረቤት ጠራች። እዚህ ማንም አያነበውም፣ እውነቱን ልጻፍ፦ ደስ አለኝ። እሳቸው ከሄዱ ከሁለት ቀን በኋላ። ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 18

ስድስት እናቶች ሆዳቸው ተነፋ። አንዷ ማደሯን እንጃ። ከነገ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ላይ ልከፍት ነው። ለማንም አልናገርም።

ታኅሣሥ 23

አሥራ ሦስት ሞተዋል። የተረፉት በቀን ሃምሳ ግራም። አንዳንዶቹ ዜሮ።

በሩን ቶሎ ከፈትኩ፣ አልሆነም። ዘግይቼ ከፈትኩ፣ አልሆነም። ፉርሽካ ጨመርኩላቸው፣ አልሆነም። ነፋሱ በሚገባበት በኩል ድርቆሽ ከመርኩ። ግድግዳዬ ላይ ያሉት መስመሮች ተኝተዋል።

በሩ አልነበረም። ታዲያ እሳቸው ለምን ሄዱ?

ታኅሣሥ 25

እንደሆነው ልጻፈው።

ሐኪሟ መጣች። «እስቲ እነዚያን እከካሞች አሳዪኝ» አለች። ወንዙን ተሻገርን። አሮጌው ጉረኖ ጣሪያው ግማሽ የለውም፣ ከዋናው ጉረኖ የባሰ ብርድ ነው። ዘበኛው ሊለቃቸው በሩ ላይ ቆሟል። ሦስት ሰዓት ነበር።

ግልገሎቹ እየተገፋፉ ወጡ። ሃያ ሁለቱም። አንድም አልሞተም።

ሐኪሟ አንዷን እናት ያዘች፣ ፀጉሯን ገለጠች። ሌላዋን ያዘች። ሦስተኛዋን።

«የታለ እከኩ?»

«...ጋሽ ፉጨት ናቸው ያሉት።»

«እከክ የሚባል የለም እዚህ።»

የእጅ ሚዛኔን አወጣሁ። ገና ጠብተው መጨረሳቸው ነበር፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ቀነስኩ። አሥራ አንድ። አሥር ከስምንት። አሥራ አንድ ከሁለት። መንታዎች ናቸው! የኛዎቹ ነጠላዎች እንኳ ዘጠኝ ላይ ቆመዋል።

«ድርቆሹ ሌላ ነው?» አለች።

«ያው ነው።»

«ፉርሽካስ?»

«ለነዚህ አልሰጠሁም።»

«በሩስ?»

«ሦስት ሰዓት ነው የሚከፈተው። ሁሌም።»

ጓንቷን አወለቀች። «እንግዲያው አስቢ። እነዚህ ላይ ያላደረግሽው ምንድነው?»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች፣ ሾፌሯ ከወንዙ ማዶ ጡሩምባ እየነፋ።

ታኅሣሥ 26

አሥራ አራት ጊዜ መዝኛለሁ። በእያንዳንዱ ከማታ አሥራ ሁለት እስከ ቀን ስድስት ሰዓት፣ አሥራ ስምንት ሰዓት ያለ ወተት። በጠቅላላው አሥር ቀን ተኩል። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ አሥር ቀን ተኩል! በውርጭ፣ የእናት ገላ ሙቀት ሳይኖር።

እናቶቹስ... ግታቸው እየሞላ፣ እያመማቸው፣ ማንም ሳይጠባው። ያልተጠባ ግት መሥራቱን ይተዋል። ይኼንንም ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሻለሁ።

ደግሞ ያ ሁለት ሰዓት። የጋሽ ፉጨትን ሁለት ሰዓት ቆጠርኩ፣ ሰኞና ሐሙስ እናቶቹን አጥር ሥር እስከ ስድስት ሰዓት ማቆሜን አልቆጠርኩም። ደብተሩ የኔ ስለሆነ እኔ አልገባሁበትም።

አውቀው ነው። እከክ ያሉት አውቀው ነው።

ታኅሣሥ 27

ሰኞ። አልለየኋቸውም፣ አልመዘንኩም። ሌሊቱ ጸጥ ብሎ አደረ።

አለቃው ጋ ገባሁና ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፣ እንዲያውም ሻይ ቀዳልኝ።

«ተይው» አለ።

«እንዴት ልተወው?»

«ምዘናውን ቀስ ብለሽ አቁሚ። ማንም አይጠይቅሽም። ግልገሎቹ ያገግማሉ፣ ብርዱ አለፈ እንላለን።»

«ጋሽ ፉጨትስ?»

«ሽማግሌው ማረፍ ነበረበት። ጉልበቱ አልቋል።»

«መመሪያውስ? ሦስት ጣቢያ እኮ ነው!»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «መመሪያው ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?»

«...የእርስዎ።»

«ጎበዝ። የቋሚ ቅጥርሽ ደብዳቤ እዚህ ነው ያለው» መሳቢያውን መታ መታ አደረገ። «ሻይሽ ቀዘቀዘ።»

ታኅሣሥ 29

እማዬ ደወለች። «ቋሚ ሆንሽ?» «ሊሆን ነው» አልኳት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥር 2

ከተማ ወረድኩ። ጋሽ ፉጨት ልጃቸው ጋ ነው ያሉት፣ ልብስ ሰፊ ናት። ከሱቋ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጠው ከአሮጌ ልብስ ላይ ቁልፍ እየፈቱ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላሉ። ጭል፣ ጭል። ልጅቷ ፊት አልሰጠችኝም። ማን እንደሆንኩ ታውቃለች።

«አባባ፣ ያቺ ምሩቅ መጥታለች» ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

መቀመጫ የለም፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከየት እንደምጀምር ሳላውቅ «እከክ አልነበረም» አልኩ።

«አልነበረም።»

«ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?»

አሰብኩ። መዋሸት አልቻልኩም። «አላውቅም።»

«እኔም አላወቅኩም። ለዚያ ነው የዋሸሁት።» አንድ ቁልፍ ፈቱ። «በዕድሜዬ ስንት ምሩቅ አየሁ። ብትቆጪስ፣ ለአለቃው ብትነግሪስ ብዬ ፈራሁ። እንጀራዬን ፈራሁ። ያው ሄደ።»

«አሥራ አንዱን ግን አዳኑ።»

ቁልፉን ቆርቆሮው ውስጥ አልጣሉትም፣ ያዙት። «እሱን አትበይኝ። ሰኞ ሰኞ፣ ሐሙስ ሐሙስ ያንን በር ይዞ የሚቆመው ማን ነበር? እናቶቹን እየገፋ የሚለየው? እኔ ነኝ። አፌ ውስጥ ምላስ ነበረኝ እኮ። አሥራ አንዱን ደብቄ ለሌሎቹ በር ያዝኩ።»

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። የልጃቸው የስፌት መኪና ቆሞ እንደነበር ያወቅኩት እንደገና ሲጀምር ነው።

«ይመለሱልኝ» አልኳቸው። «እኔ እጽፋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ እጽፋለሁ።»

«ጻፊ። ለኔ ብለሽ ግን አይደለም። እኔ አልመለስም።»

«ለምን?»

«ደክሞኛል የኔ ልጅ። እነሱን ማየት አልችልም።»

ስወጣ ልጅቷ ከሥራዋ ቀና ሳትል «በሩን ሳቢው፣ ብርድ ይገባል» አለችኝ።

ጥር 5

አንድ ገጽ ብቻ። «ለግልገሎቹ ዕድገት መቀነስና ለአሥራ ሦስቱ ሞት ዋናው ምክንያት እኔ ያወጣሁት የምዘና አሠራር ነው። በበግ ጠባቂው ላይ የጻፍኩት ስሕተት ነው። መመሪያው በአስቸኳይ ይሰረዝ።» የሃያ ሁለቱንና የሌሎቹን ክብደት አያያዝኩ። ፈረምኩ። ለአለቃው ግልባጩን ሰጥቼ ዋናውን ራሴ ፖስታ ቤት ወሰድኩት።

አለቃው አልጮኸም። መሳቢያውን ከፍቶ ያንን ደብዳቤ አወጣና ለሁለት ቀደደው፣ ከዚያ ለአራት። «ጥር አሥራ አምስት ክፍሉን ታስረክቢያለሽ» አለ። «ጎበዝ ልጅ ነበርሽ።»

ነበርሽ።

ጥር 10

ከዋናው መሥሪያ ቤት መልስ መጣ። ሁለት መስመር። «ጽሑፍዎ ደርሶናል። በሚመለከተው ኮሚቴ ይታያል።» ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል ብዬ ደወልኩ። «ከበጀት መዝጊያ በኋላ» አሉኝ። ያ እኮ ሐምሌ ነው!

እስከዚያ ሰኞና ሐሙስ ስንት ናቸው?

ጥር 12

ግልገሎቹን አሁን በዓይን ብቻ ነው የምገምታቸው፣ እጄ ወደ ሚዛን አይሄድም። ይጠባሉ፣ ይዘላሉም። ግን አጥንታቸው ሳያድግ ቀርቷል። ሐኪሟ ዛሬ መጥታ «ያለፈውን አይመልሱትም» አለች። አሥራ አምስት ኪሎ አይደርሱም። ስለ መንጋው የተወሰነ ነገር የለም፤ አለቃው ስለ ብርድ የሚያትት ደብዳቤ እየጻፈ ነው።

ልትሄድ ስትል የሦስቱን ጣቢያዎች ስልክ ቁጥር በመድኃኒት ካርቶን ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። «ኮሚቴ ስልክ አይደውልም» አለች።

ጥር 14

ነገ ክፍሉን አስረክባለሁ። ግድግዳውን አልነካሁትም፣ የሚመጣው ሰው ይየው ብዬ ከሥሩ የሆነውን በእስክርቢቶ ጽፌበታለሁ።

ደወልኩ።

አንደኛው ጣቢያ፦ «መመሪያ? የትኛው መመሪያ?» ሰውዬው ሲፈልግ ቆየ። ከነፖስታው ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ዛሬውኑ እንጀምራለን ብሎ! በስንት ልመና አስተውኩት። ለሰው ስንፍና እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

ሁለተኛው፦ ሦስቴ ሞክረው ጠባቂዎቹ አንለይም ብለው አመፁ። «ማይሞች ናቸው፣ ምን ታደርጊያቸዋለሽ» አለኝ ኃላፊው። ሰላም በሉልኝ አልኩት።

ሦስተኛው። ያነሣችው ሴት ናት፣ ወጣት። አምና የተመረቀች። መመሪያው ከደረሳት ቀን ጀምሮ ሰኞና ሐሙስ አንድም አላሳለፈችም። «በባዶ ሆድ ነው የምመዝናቸው» አለች፣ ድምፅዋ ፈገግ እያለ።

«ስንት ሞቱባችሁ?»

«ማን ልበል?»

«ስንት ሞቱ እህቴ?»

«...ዘጠኝ። ግን ምክንያቱን ደርሼበታለሁ። እናቶቹ ግታቸው ባዶ ነው። ጠባቂያችን አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው፣ ማታ ማታ ከበጎቹ ጋር ለብቻቸው ነው የሚያድሩት። ወተቱን እያለቡ የሚሸጡ ይመስለኛል። ነገ ጠዋት ለፖሊስ ልናመለክት ነው።»

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«አልሰረቁም» አልኩ። «ስሚኝ። ወተቱ የደረቀው ስለምትለያቸው ነው። ሴትዮዋ አልሰረቁም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ? ማን ነሽ?»

ስሜን ነገርኳት።

«ውይ!» አለች፣ ሳቀች፣ በደስታ። «አዘጋጇ? አንቺ ነሽ? ጽሑፍሽን እኮ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ!»

ሁሉንም ነገርኳት። አሥራ ሦስቱን፣ ሃያ ሁለቱን፣ ደብዳቤውን። እየሰማች እየሰማች ትንፋሿ ራቀ። መጨረሻ ላይ «መመሪያው በይፋ ተሰርዟል?» ብላ ጠየቀች።

«አልተሰረዘም።»

«እንግዲያው...» አለች። ዘጋችው። መልሼ ደወልኩ፣ አታነሣም። ጽፌም ላክሁላት። አነበበችው፣ አልመለሰችም።

ወደ ሦስተኛው ጣቢያ መንገዱ አምስት ሰዓት ነው አሉኝ። የመጀመሪያው አውቶቡስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል። ሻንጣዬ ውስጥ የምዘና መዝገቡን ብቻ ከላይ አድርጌያለሁ፣ ሲጠይቁኝ ቶሎ እንዳወጣው። ክፍሉን ማን እንደሚረከብ አላውቅም፣ ቁልፉን ዘበኛው ጋ ትቻለሁ። እማዬ ነገ ቤት ገብቼ የምተኛ መስሏታል።

ሴትዮዋን ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።